ገዢው ግድግዳውን ያንኳኳል፦ ስለ ቤት ማሳመር ለተጻፈው ምክር ከጅማ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ቤት ሊሸጡ ያሰቡ የጅማ ሰዎች እየተቀባበሉ የሚያነቡት አንድ ጽሑፍ አለ። ቤትን ለገዢ ዓይን ስለማዘጋጀት ይመክራል። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ገዢ ሳሎን በገባ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ልቡን ይሰጣል። ስለዚህ ግድግዳውን ሁሉ ነጭ ወይም ግራጫ ቀቡት፤ ኮርኒሱን ጂፕሰም አድርጉና መብራት ደርድሩበት፤ ሳሎኑን ከመኝታ ቤት የሚለየውን ግድግዳ አፍርሳችሁ አስፉት፤ የቤተሰብ ፎቶና የሃይማኖት ሥዕል አንሡ፤ አሮጌውን የእንጨት ዕቃ አውጡና ዘመናዊ ሶፋ ተከራዩ፤ ገዢ ሲመጣ ቡና ይቆላ፣ ዕጣን ይጨስ፤ ጓሮ ያለው ማድ ቤትና ሰርቪሱ ይቆለፍ፤ ቤቱን ሰፋ በሚያደርግ ሌንስ አንሥታችሁ ለጥፉት። ያወጣችሁት ገንዘብ እጥፍ ሆኖ ይመለሳል።

ጽሑፉ ለዓይን ይጥማል፤ ጸሐፊው በቅን ልብ እንደጻፉትም አልጠራጠርም። እኔ ግን በልስንና በቀለም ሥራ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ። ቤቱ ሊሸጥ ሲል «ቶሎ ድረስልን» ተብዬ የምጠራው እኔ ነኝ፤ ከተሸጠ በኋላ ደግሞ ገዢው «ይኼ ነገር ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠራው እኔኑ ነው። የሁለቱንም ወገን ፊት ስለማይ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

የምንስማማበትን ቶሎ ልለፈው። ዕቃ መቀነስ፣ መስኮት ማጠብ፣ የተቃጠለ አምፖል መቀየር፣ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ማሠራት፣ የበር ማጠፊያ ዘይት መቀባት። ይህን የሚቃወም የለም። የተሰበረ ማብሪያ ማጥፊያ በትንሽ ገንዘብ ይቀየራል፤ ካልተቀየረ ግን ገዢው «ይህን ያላሠራ ሰው ሌላውንማ እንዴት ትቶት ይሆን?» ብሎ ያስባል። እዚህ ድረስ አብረን ነን።

ከዚያ በኋላ መንገዳችን ይለያያል። ገዢ ሳሎን ገብቶ በደቂቃዎች ውስጥ ይወስናል የሚለው ምናልባት ብቻውን መጥቶ ብቻውን ለሚገዛ ሰው ይሠራ ይሆናል። ጅማ ላይ እንዲህ ያለ ገዢ ብርቅ ነው። መጀመሪያ ደላላው ያያል። ቀጥሎ ባልየው ይመጣል፤ ከዚያ ሚስትየው ከእናቷ ወይም ከእህቷ ጋር። በመጨረሻ አንድ ብዙ የማይናገር ሰውዬ ይዘው ብቅ ይላሉ፤ «አጎቴ ናቸው» ይባላል። አጎትም ይሁኑ አይሁኑ ግንበኛ ናቸው። እሳቸው ሶፋው ላይ አይቀመጡም። የግድግዳውን ታችኛ ክፍል በጣታቸው መገጣጠሚያ ያንኳኳሉ፤ ቁም ሣጥኑ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበትን ጥግ ያሸታሉ፤ ከበሩ መቃን በላይ ስንጥቅ ይፈልጋሉ፤ ወለሉን በተረከዛቸው መታ መታ ያደርጋሉ። «ቆንጆ ነው፤ እንነጋገራለን» ተብሎ ይወጣል። ወሩ ሐምሌ ከሆነ ደግሞ ዶፍ ከወረደ በማግስቱ «በዚህ ስናልፍ» ብለው ድንገት ይመለሳሉ። ጸሐፊው የጻፉለት ገዢ የመጀመሪያውን ቀን ሰው ነው፤ ዋጋውን የሚቆርጡት ግን እኒያ ግንበኛ ናቸው።

ስለ ቀለሙ። ነጭና ግራጫ የሚለው ምክር ሁለት ነገር በአንድ ላይ ያጠፋል። አንደኛው የመልክ ጉዳይ ነው። ጅማ ላይ ዝናቡ ከበልግ ጀምሮ እስከ መስከረም ማለቂያ ስለሚዘልቅ ሰማዩ ብዙውን ጊዜ ደመና ነው። መስኮቷ ትንሽ የሆነች ክፍል ግራጫ ስትቀባ ቀን በቀን መብራት ትፈልጋለች። ነጩ ደግሞ ለቀዩ አፈራችን አይሆንም፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ የሕፃን እጅ፣ የመጥረጊያና የጫማ ምልክት ይሰበስባል። ክሬም ወይም ፈዘዝ ያለ ቢጫ ብርሃን ይመልሳል፤ ቆሻሻም ቶሎ አያሳብቅም። ይህ የዓይን ጉዳይ ስለሆነ ብዙ አልሟገትበትም።

ሁለተኛው ግን ከበድ ይላል። ጸሐፊው «ቀቡት» ሲሉ ከቀለሙ ሥር ያለውን ነገር አንድም ቦታ አላነሡም። ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። በአዌቱ ወንዝ ዳርና ወደ ቦዬ ረግረግ ባለው ዝቅተኛ ቦታ ደግሞ ከላይ ከሚወርደው ሌላ ከሥር የሚመጣም ውሃ አለ። ብዙዎቹ የቆዩ ቤቶች በድንጋይ መሠረት ላይ የቆሙ የእንጨትና የጭቃ ቤቶች ናቸው። በመሠረቱና በግድግዳው መካከል ውሃ የሚያግድ ነገር የላቸውም። እርጥበቱ ከመሬት ተነሥቶ ግድግዳው ውስጥ ለውስጥ ሽቅብ ይወጣል፤ ወደ ክፍሉ በኩል ሲተን የተሸከመውን ጨው ትቶ ይሄዳል። ከወለሉ ከፍ ብሎ የምታዩት ነጭ ዱቄት እሱ ነው።

እዚህ ላይ ሻጩ ቀለም ቀቢ ይጠራል። «ብቻ እንዳይታይ አድርግልኝ» ይላል። ዱቄቱ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፣ ስቱኮ ይለቀለቃል፣ ሁለት እጅ ቀለም ይመታል። ቁስል ላይ ዱቄት መነስነስ ይሏል ይኼ ነው። ለጥቂት ሳምንታት ያምራል። ከዚያ ከዞኮላቱራው፣ ማለትም ከግድግዳው ግርጌ ጠርዝ፣ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ቀለሙ በትንንሹ ያብጣል። እብጠቱን በጥፍር ሲነኩት ቆዳው ይቀደድና እርጥብ አሸዋ ወለሉ ላይ ይረግፋል፤ ሽታው የረጠበ ጆንያ ሽታ ነው። የተቀባው ዘይት ቀለም ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ እርጥበቱ መውጫ ስለሚያጣ ከፍ ብሎ ይሄድና ደረቅ የነበረውን ቦታ ያበላሻል።

በጭቃ ግድግዳ ላይ በሲሚንቶ የተለሰነ ቤት የራሱ ጣጣ አለው። ጭቃው እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ሲሚንቶው ግን ግትር ነው፣ አብሮት አይንቀሳቀስም። ውሎ አድሮ ልስኑ ከጭቃው ይለቃል። ከፊት ሲያዩት ደልደል ያለ ግድግዳ ነው፤ ሲያንኳኩት ግን ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ከጀርባው የታፈነው እርጥበት ማገሩንና ቋሚውን ያበሰብሳል፣ ምስጥም ይጋብዛል። አጎት የተባሉት ሰውዬ የሚያንኳኩት ይህንኑ ድምፅ ፍለጋ ነው። እንደ በረዶ የነጣ ቀለም ያንን ድምፅ አይሸፍነውም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሥራው የሚጀምረው ከውጭ ነው፤ የውስጥ ማሳመር ጽሑፍ ላይ ይህን ማንሣቴ ለዚህ ነው። አሸንዳው ይጠገን፤ ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ ግድግዳው ሥር ሳይሆን ቦይ ውስጥ ይግባ፤ ግድግዳው ላይ የተቆለለው አፈርና ማገዶ ይነሣ። ጅሬን ወጥታችሁ የዳግማዊ አባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ስታዩ ከተቀረጸው እንጨት በፊት ክዳኑንና በረንዳውን ልብ በሉ፤ ዝናብ ግድግዳውን በቀጥታ እንዳይመታ ተደርጎ ነው የተሠራው። ያ ሕንፃ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። የውጩ ነገር መልክ ከያዘ በኋላ የለቀቀው ልስን ይፈንገል፤ ግድግዳው በበጋ ይድረቅ፤ ጭቃው በጭቃ ይመረግ፤ ላዩ በኖራ ወይም በውሃ በሚበጠበጥ ቀለም ይቀባ። የብሎኬት ቤት ከሆነና አዲስ የሲሚንቶ ልስን ከተደረገ ቀለሙ አራት ሳምንት ያህል ይጠብቅ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል፤ ለመስከረም ሽያጭ ነሐሴ ላይ የተቀባ ቤት ስንት ጊዜ እንደገና እንደቀባሁ እኔ አውቃለሁ።

ጊዜ የሌለውስ? ይተወው። የረጠበውን ጥግ እንዳለ ያሳይ፣ ምክንያቱን ይናገር፣ ዋጋው ላይ ያስብበት። ይህን የምለው ለጽድቅ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭን ለሸጠው ነገር ጉድለት ተጠያቂ ያደርገዋል። አይቶ የገዛውን ጉድለት ገዢ ቆይቶ ማንሣት ይከብደዋል፤ አውቆ የደበቀውን ግን ሻጭ እንዲህ በቀላሉ አይገላገለውም። ትኩስ ቀለም የተቀባው አንድ ጥግ ብቻ ሲሆን ደግሞ ምን እንደተደበቀ ቀለሙ ራሱ ያሳብቃል።

ጂፕሰሙ ጋ ስንመጣ፣ ጸሐፊው ስለ መብራቶቹ አሰላለፍ ረዘም ያለ አንቀጽ ጽፈዋል፤ ስለ ቆርቆሮው ግን አንድ መስመር የላቸውም። ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ላይ ጂፕሰም መስቀል ገንዘብ ማርጠብ ነው። ቦርዱ ውሃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፣ ሆዱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ቡናማ ክብ ያወጣል። የድሮው የአቡጀዲ ወይም የማዳበሪያ ኮርኒስ ቢያንስ የትኛው ምስማር እንደሚያፈስ ያሳይ ነበር። በዚያ ላይ እነዚያ ቤቶች ኮርኒሳቸው ከፍ ያለ በመሆኑ ቀን ቆርቆሮው ሲግል ሙቀቱ ከላይ ይቀራል። ጂፕሰሙን ዝቅ አድርጋችሁ ስትሰቅሉ ያንን ከፍታ ትወስዱበታላችሁ፤ ሳሎኑም ከሰፋው ይልቅ የጠበበ ይመስላል። ኮርኒሱ ቆሽሾ ከሆነ ቆርቆሮውን አስፈትሹ፣ የላላውን ምስማር በጎማው አስቀይሩ፣ ከዚያ ያለውን ኮርኒስ ቀቡ። ለገዢው ግንበኛም ወደ ኮርኒሱ የሚያስገባ ቀዳዳ ይኑር፤ «መሰላል ላምጣልዎት?» ያለ ሻጭ ሳይታይ ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ግድግዳ ማፍረስ የሚለውን ሳነብ ግን እውነቱን ለመናገር ደነገጥኩ። ኮለን ላይ በቆመ ሕንፃ ውስጥ መለያ ግድግዳ ማንሣት ባለሙያ ጠይቆ የሚሆን ነገር ነው። በጭቃ ቤት ግን የመሐል ግድግዳው ከጣሪያው ክብደት ድርሻ አለው። ቋሚዎቹ ሲቆረጡ አግዳሚው ይጎብጣል፣ በማግስቱ በሩ አልዘጋ ይላል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ቆርቆሮው በጎበጠበት ውሃ ያቁራል። ሌላም አለ። ቤቱ ፋይል ውስጥ ያለ ፕላን አለው። ስም ሲዘዋወር መሬት ላይ ያለውና ወረቀቱ ላይ ያለው ካልገጠሙ ጉዳዩ ይጓተታል፤ የተጓተተ ሽያጭ ደግሞ ብዙ ጊዜ የፈረሰ ሽያጭ ነው። ለትልቅ ሳሎን ሲባል ሦስት መኝታ የነበረውን ቤት ሁለት መኝታ ማድረግ ደግሞ ቤተሰብ ያለው ገዢን በገዛ እጅ ማባረር ነው።

ፎቶና ሥዕል አንሡ ይላሉ፤ ገዢው ራሱን እዚያ ቤት ውስጥ እንዲያስብ። ሐሳቡ ይገባኛል። ግን ጅማ ውስጥ አዛንና ቅዳሴ እየሰማ አብሮ ያደገ ሰው ግድግዳ ላይ የቁርኣን አንቀጽ ወይም የእመቤታችን ሥዕል ስላየ ቤት አይጠላም። የማን ቤት እንደሆነ ከበሩ ሳይገባ ደላላው ነግሮታል፤ ጎረቤቱንም ጠይቋል። የገዛ ቤታችሁን ባዳ አድርጋችሁ ስትጠብቁት «እነዚህ ሰዎች ምን ሆነው ነው የሚሸሹት?» ማለቱ አይቀርም። አንድ የሙያ ነገር ልጨምር፦ ለዓመታት ከተሰቀለበት ሥዕል ስታወርዱ ከሥሩ ያለው ቀለም ሳይደበዝዝ በአራት ማዕዘን ይታያል። ያንን ለማጥፋት ሙሉ ግድግዳ ትቀባላችሁ። የሚነሣው ሌላ ነው፤ የባንክ ደብተር፣ ወርቅ፣ መድኃኒት፣ የልጆች የትምህርት ማስረጃ። ቤቱን የሚያየው ሁሉ ገዢ አይደለም።

ሶፋ ተከራዩ ስለሚለው ብዙ የምለው የለኝም፤ አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ። ጸሐፊው አሮጌ የእንጨት ዕቃ ሲሉ የጅማን ሥራም አብረው ጠረጉት። የጅማ በርጩማና ወንበር ሰው አዲስ አበባ ድረስ ጭኖ የሚወስደው ዕቃ ነው፤ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የወጣ፣ መቀመጫው በአገልግሎት ብዛት ያበራ በርጩማ ባለበት ሳሎን ምን ጎደለ? የተከራያችሁት ባለ ማዕዘን ሶፋ አራት በአራት የሆነች ክፍል ውስጥ ሲገባ ከበሩ እስከ መስኮቱ መተላለፊያ ይዘጋል። የሚወጣው ቡፌው ነው፤ ያ ግድግዳ የሚያክል፣ ብርጭቆ የተደረደረበት። እሱ ሲነሣ ክፍሉ ይተነፍሳል። እሱን ካነሣችሁ ደግሞ ከጀርባው ያለውን ግድግዳ አስቀድማችሁ እዩት፤ ሻጋታ የሚወደው አየር የማይደርስበትን ቦታ ነው።

ወደ ቡናው። የቡና አገር ሰው በቡና ሽታ አይታለልም፤ ይህን ለጅማ ሰው መምከር ራሱ ያስገርማል። ቡና የሚቆላበትን ሰዓት ሁላችንም እናውቃለን፤ ገዢ በሩ ላይ ሲደርስ ዕጣኑ ጣሪያ የነካ ከሆነ አንድ የሚሸፈን ነገር አለ ማለት ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ አፍንጫም ያው ነው። የቤቱ ሰው የቤቱን ሽታ ለምዶታል። ስለዚህ ለሽያጭ ከማሳየታችሁ በፊት ከሌላ ሰፈር አንድ ሰው ጥሩና ሽታ ሽታውን ያለ ይሉኝታ እንዲነግራችሁ ለምኑት። ብዙ ጊዜ ምንጩ ሦስት ቦታ ነው፤ የረጠበ ግድግዳ፣ ማድ ቤት ውስጥ የቆየ የጭስና የዘይት ጥላሸት፣ መታጠቢያ ቤት። የመጨረሻው ቀላል ነው። ሰው የማይታጠብበት መታጠቢያ ቤት የወለሉ ፍሳሽ ውስጥ ያለው ሲፎን ይደርቃል፤ ውሃው ሲደርቅ ከጉድጓዱ የሚመጣውን ሽታ የሚያግደው የለም። አንድ ጆግ ውሃ ሲያፈሱበት ይጠፋል። አንድ ቀን ሙሉ ዕጣን ከማጨስ አንድ ጆግ ውሃ።

ቡናው ይቅር ግን አላልኩም። ቦታው ሌላ ነው። ገዢዎቹ ዞረው፣ አንኳኩተው፣ አሽትተው ሲጨርሱ «እስቲ ቁጭ በሉ፣ ቡና ሳትጠጡማ አትሄዱም» ይባላል። አቦሉ ላይ ስለ ሰፈሩ ይወራል፤ ቶናው ላይ ማን ለምን እንደሚገዛ ይታወቃል፤ በረካው ሳይደርስ አጎት የተባሉት ሰውዬ ያዩትን ጉድለት በጨዋ ቋንቋ ጣል ያደርጋሉ። ሻጩ ያኔ መልስ ካለው ውሉ ተጀምሯል። ቡና ማፍላት ለሽታ ማጥፊያ ሲውል ይህ ሁሉ ይቀራል።

አሁን በጽሑፉ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የማይዋጥልኝ ምክር፤ ማድ ቤቱንና ሰርቪሱን ቆልፉ የሚለው። የተቆለፈ በር ያየ ገዢ ሌላውን ሁሉ ይረሳና ስለዚያ በር ብቻ ያስባል። ሴቶቹ ገዢዎች ደግሞ ከሳሎኑ ቀድመው የሚሄዱት ወደ ማድ ቤቱ ነው። እናትየው ምን እንደሚያዩ ልንገራችሁ። ምጣዱ የት ይቀመጣል? ጭሱ በየት ይወጣል? ውሃ የፈሰሰ እንደሆነ ወዴት ይሄዳል? ሶኬቱ ይችላል? የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። ከአምፖል መሥመር ላይ በቀጭን ሽቦ ተቀጥሎ የመጣ ሶኬት ላይ ሲሰካ ሽቦው ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ሶኬቱ ዙሪያውን ይጠቁራል። ያ የጠቆረ ሶኬት አዲስ በተቀባ ነጭ ግድግዳ ላይ እንዴት እንደሚታይ አስቡት። ለጂፕሰም መብራት የታሰበው ገንዘብ ከቆጣሪው ለምጣዱ ብቻ ወፍራም ሽቦ ከራሱ ብሬከር ጋር ቢያስዘረጋ ገዢዋ ሌላ ጥያቄ አትጠይቅም። የጠቆረውን ግድግዳ በሳሙና ውሃ አሳጥቡ፤ ሲደርቅ ኖራ ይቀባ። ዘይትና ጥላሸት ባለበት ላይ በቀጥታ የተቀባ ቀለም ቢጫ ሆኖ ይመለሳል። የጭስ መውጫው ይጠረግ፤ ማጠቢያው ሥር ያለው ቧንቧ ይጥበቅ። ማድ ቤት ማማር የለበትም፤ የሚሠራ መሆኑ ይታይ።

ሰርቪሱ ደግሞ ገቢ ነው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ዙሪያም ሆነ በቴክኖሎጂው ግቢ በኪቶ ፉርዲሳ አካባቢ አንድ ክፍል የሚፈልግ ተማሪ፣ መምህርና ሠራተኛ አይጠፋም። ቤት የሚገዛ ሰው ስንት ክፍል እንደሚያከራይ አስልቶ ነው የሚመጣው። ሰርቪሱን ቆልፎ ሳሎኑን ማሳየት ላሟን ደብቆ ገመዷን እንደመሸጥ ነው። ክፍሎቹ ይከፈቱ፤ አምፖል ይኑራቸው፤ በሩ በራሱ ቁልፍ ይዘጋ፤ መጸዳጃው ውሃ ይኑረው። ሮቶው ምን ያህል እንደሚይዝና ውሃ በጠፋ ጊዜ ለስንት ቀን እንደሚያቆይ ንገሯቸው። ተከራይ ካለ አስቀድማችሁ አነጋግሩት፤ ልብሱ ተዘርግቶ ሳለ ሰው ይዞ መግባት ነውር ነው። ተከራይ ደግሞ ቅር ካለው ለገዢው የሚነግረው አያጣም።

ወለሉን ጸሐፊው በአንድ መስመር ሴራሚክ አልብሱት ብለው አልፈዋል። እኔም ባጭሩ እላለሁ፦ የተሰነጠቀ ሊሾ ላይ የተነጠፈ ሴራሚክ ስንጥቁን ይወርሳል። ከሥሩ ሙጫው ያልያዘው ንጣፍ በሳንቲም መታ ሲደረግ ይታወቃል። ጤነኛ ሊሾ ካላችሁ አጽድታችሁ ሰም ቀቡት፤ ያበራል።

«እጥፍ ሆኖ ይመለሳል» የሚለው ስሌት ከየት እንደመጣ ጽሑፉ አይናገርም። ገዢ ማን ነው የሚለው ሳይመለስ ይህ ሊባል አይችልም። በጅማው መርካቶ አካባቢ ወይም ፈረንጅ አራዳ ዋናው መንገድ ዳር ያለ አሮጌ ቤት የሚገዛ ነጋዴ ብዙ ጊዜ የሚያስበው አፍርሶ መሥራትን ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም አይለወጥም። የሚሸጠው ላዩ ላይ ያለው ቤት ነው። የነጋዴው ዓይን ግን ካሬውና የመንገዱ ስፋት ላይ ነው፤ ጂፕሰሙን ከነመብራቱ በሁለተኛው ወር ያወርደዋል። ለእሱ የሚወጣ የማሳመሪያ ብር ውሃ ወቀጣ ነው። ገብቶ ሊኖርበት የሚፈልግ ቤተሰብ ሌላ ነው፤ ለእሱ የደረቀ ግድግዳ፣ የማያፈስ ጣሪያና የሚሠራ ማድ ቤት ዋጋ አለው። ሊያከራይ የሚገዛው ደግሞ ክፍልና መጸዳጃ ይቆጥራል። ቡርሻችሁን ከማንሣታችሁ በፊት ደላላውን «ይህን ሰፈር የሚጠይቁህ እነማን ናቸው?» በሉት። ደላላ ኮሚሽኑን ይወዳል፤ ቢሆንም ይህንን ጥያቄ በእውነት ይመልሳል፤ ቶሎ መሸጡ ለሱም ይጠቅመዋልና።

ሦስቱም ዓይነት ገዢ እኩል የሚጠይቁት ወረቀቱን ነው፤ ጽሑፉ ውስጥ ይህ አንድም ቦታ የለም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውልና ማስረጃ ፊት እንዲደረግ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 ያዝዛል። ካርታው በሟች አባት ስም ከሆነ፣ ወራሾቹ ካልተስማሙ፣ ግብር ካልተከፈለ የትኛውም ሳሎን ቤቱን አይሸጠውም። ያሳመራችሁትን ቤት ዓይቶ የወደደ ገዢ ወረቀቱን ጠብቆ ጠብቆ ሲሄድ የቀባችሁት ቀለም እዚያው ያረጃል። መጀመሪያ ፋይሉ ይስተካከል፤ ቀለሙ ከዚያ በኋላ ነው።

ቀረ የፎቶው ነገር። ክፍሉን አስፍቶ የሚያሳይ ሌንስ ተጠቀሙ ይላሉ። አራት በአራቷ ክፍል በቴሌግራም አዳራሽ መስላ ትታይና ሰውየው ከአጋሮ ወይም ከበደሌ ድረስ ተሳፍሮ ሲመጣ ፊቱ ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ የምትነግሩትን ሁሉ በጥርጣሬ ይሰማል። ጠዋት መስኮቱ ተከፍቶ፣ በር ላይ ቆማችሁ፣ በተራ ስልክ አንሡ። ማድ ቤቱን፣ ቆጣሪውን፣ ሮቶውን፣ ሰርቪሱንና የግቢውን ቦይ ጨምሩ፤ የክፍሎቹን ልክ በሜትር ጻፉ። ካርታውን ግን ፎቶ አንሥታችሁ አትለጥፉ፤ ቅጂውን ለገዢው ራሱ፣ ቤቱን ካየ በኋላ፣ በእጁ ስጡት።